የስካሎፕ ዛጎል ዕድገትና የውኃው ሁኔታ፦ ከአርቢዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ዛጎሉ የሚያድገው በየትኛው ክፍሉ ነው?

መልስ፦ ስካሎፕ በሁለት ክዳን ዛጎል ውስጥ የሚኖር፣ ለምግብ የሚረባ የባሕር እንስሳ ነው፤ ዛጎሉ የሚያድገው በጠርዙ ነው። ማንትል የሚባለው ስስ የሥጋ ሽፋን የዛጎሉን ጥሬ ዕቃ ከባሕር ውኃ እየወሰደ በጠርዙ ላይ አዲስ ንጣፍ ያክላል። ያደገው ስካሎፕ ዛጎል በአብዛኛው ካልሳይት ከተባለው ማዕድን የተሠራ ነው። ማንትሉን እንዲሸማቀቅ የሚያደርግ ችግር ሁሉ ዕድገቱን ስለሚያቋርጥ፣ ዛጎሉን በጥንቃቄ የሚመለከት ሰው ያለፈውን ወቅት ሁኔታ ከመስመሮቹ ሊያነብ ይችላል፤ ጥቅጥቅ ያሉት መስመሮች ዕድገቱ የዘገየበትን፣ ተራርቀው የሚታዩት ደግሞ የፈጠነበትን ጊዜ ያሳያሉ።

ጥያቄ፦ ሙቀት ዕድገትን የሚያፋጥን ከሆነ ሞቃታማ ውኃ መምረጥ አይሻልም?

መልስ፦ ሙቀት የሚጠቅመው ለዝርያው በሚስማማው ልክ ብቻ ነው። በጃፓን የሚረባው የዬሶ ስካሎፕ ቀዝቃዛ ውኃ ወዳድ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የበጋው ሙቀት ባየለ ጊዜ በሙትሱ ባሕረ ሰላጤ ብዙ ስካሎፕ አልቋል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1983 ኤል ኒኞ የፔሩን ባሕር ሲያሞቀው በዚያ የሚኖረው ዝርያ እጅግ በዝቶ ነበር። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር ምግብ ነው። ውኃው ሲሞቅ የእንስሳው ሰውነት ለራሱ የሚያቃጥለው ጉልበት ይጨምራል፤ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉት ደቃቅ ዕፀዋት በዚያው ልክ ካልበዙ ለዛጎሉ ዕድገት የሚተርፍ ጉልበት አይኖርም። ስለዚህ ቴርሞሜትር ብቻ ይዞ የእርባታ ቦታ መምረጥ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ዛጎሉ ትልቅ ሆኖ ሥጋው ግን ቀጭን የሆነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ዛጎል አንዴ ከተሠራ አይቀንስም፤ ሥጋው ግን በረኃብና እንቁላልና ዘር ከተለቀቀ በኋላ ይከሳል። ስለዚህ የዛጎሉን ቁመት ብቻ ሳይሆን ዛጎሉን የሚዘጋውን ጡንቻ፣ ማለትም የሚበላውን ሥጋ፣ ክብደትም ጎን ለጎን መዝግቡ።

ጥያቄ፦ በአንድ መረብ ውስጥ ያሉት ስካሎፖች ጠርዛቸው የተሸራረፈና የተጣመመ ነው። በሽታ ይሆን?

መልስ፦ በሽታ ነው ከማለታችሁ በፊት የመረቡን እንቅስቃሴና በውስጡ ያለውን የስካሎፕ ብዛት መርምሩ። ባለ ደርቡ መረብ የተንጠለጠለበትን ተንሳፋፊ ገመድ ማዕበል ሲያነሣና ሲጥል በየደርቡ ያሉት ስካሎፖች እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ገና ያልጠነከረው አዲስ ጠርዝም ይሸረፋል። እንስሳው ማንትሉን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ ዕድገቱም ይቋረጣል። እንደገና ሲጀምር አዲሱ ንጣፍ ከአሮጌው ጋር በትክክል ስለማይገጥም፣ በጣት ሲዳሰስ የሚታወቅ እርከን ሊቀር ይችላል። የሚጠቅመው መረቡን የማዕበሉ ግፊት ወደሚቀንስበት ጥልቀት ዝቅ ማድረግና በየደርቡ ያለውን ብዛት መቀነስ ነው። ብዛቱ ሲቀንስ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ምግብም ይጨምራል። በመረቡ ላይ የሚለጠፉትን አልጌና ሌሎች ፍጥረታት ማጽዳትም የውኃውን ዝውውር ይከፍታል፤ በእኔ ግምት በአርቢው እጅ ያለው የባሕሩ ሁኔታ ሳይሆን ይህ ሥራ ነውና ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል።

ጥያቄ፦ ከከባድ ዝናብ በኋላ የወንዝ ውኃ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲገባስ?

መልስ፦ ስካሎፕ ዛጎሉን አጥብቆ ዘግቶ ለረጅም ጊዜ መቆየት ስለማይችል የጨዋማነት መቀነስ በቶሎ ይጎዳዋል። የወንዝ ውኃ ከጨዋማው የባሕር ውኃ ስለሚቀልና ከላይ ስለሚንሳፈፍ መረቡን ዝቅ ማድረግ ይረዳል።

ጥያቄ፦ የባሕር አሲዳማነት መጨመርስ ያሳስባል?

መልስ፦ አዎን፣ ይልቁንም ከእንቁላል ለወጡት ደቃቅ እጮች። የእጮቹ ዛጎል ከካልሳይት ይልቅ በቀላሉ ከሚሟሟው አራጎናይት ከተባለ ማዕድን የተሠራ ስለሆነ፣ በአሲዳማ ውኃ ውስጥ መሥራቱ ይበልጥ ይከብዳቸዋል። በመፈልፈያ ጣቢያ የምትሠሩ ሰዎች የገንዳውን ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ) በየዕለቱ፣ በተለይም ከጥልቅ ባሕር የሚወጣ ቀዝቃዛና ይበልጥ አሲዳማ ውኃ ወደ ዳርቻው በሚደርስባቸው ወቅቶች፣ እንድትለኩ አጥብቄ እመክራለሁ።