የጊታሬ ብሪጅ ተነስቶብኛል፣ ሞላው ሞቶ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የምጽፈው ከደሴ ነው፣ ሰርግ ላይ ጊታር እጫወታለሁ። ጊታሬ ፍሎይድ ሮዝ ብሪጅ (ክሮቹ የሚታሰሩበት፣ በባር የሚወዛወዘው ዓይነት) ያለው ነው፣ ሁለት ዓመት ምንም ሳይል ቆይቶ በቀደም ክር ስቀይር ጉድ ሆነ። ድሮ የማስረው ቀጠን ያለውን 9 ቁጥር ክር ነበር፣ እሱ ስለጠፋ ከአዲስ አበባ የመጣልኝን ወፈር ያለ 10 ቁጥር አሰርኩ፣ ከዛ ብሪጁ ከኋላው ብድግ አለ፣ ክሮቹ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ካሉት ብረቶች) ራቁ፣ ወፍራሙን ስቃኝ ቀጭኑ ይወርዳል ቀጭኑን ሳስተካክል ወፍራሙ ይወርዳል፣ ማለቂያ የለውም። አንድ ጠጋኝ አየውና ሞላዎቹ ሞተዋል ይቀየሩ አለኝ፣ እዚህ ከየት አባቴ አመጣለሁ? ቅዳሜ ባቲ ሰርግ አለብኝ፣ እባካችሁ።

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ሞላህ አልሞተም። ብሪጁ ሁለት ምሰሶ ላይ የቆመ ሚዛን ነው በለው፣ ከፊት ክሮቹ ይስቡታል ከጀርባ ሞላዎቹ ይስቡታል፣ እኩል ሲሆኑ ነው ከጊታሩ ገላ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚቆመው። 9 ቁጥር ስድስቱም ክር ተደምሮ 38 ኪሎ ገደማ ነው የሚስበው፣ 10 ቁጥር ግን ወደ 46 ኪሎ ይጠጋል። 8 ኪሎ ጨመርክበት፣ ሞላው ግን ባለበት ነው፣ ታዲያ ምን ያድርግ? ክራር ላይ አንዱን ክር ብትወጥረው ሌላው ብዙም አይሰማውም፣ እዚህ ግን አንዱን ስትወጥር ብሪጁ ወደፊት ስለሚሳብ አምስቱም ይላላሉ፣ ያደከመህ እሱ ነው።

መጀመሪያ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹን ቆልፎ የያዘውን ሎክ ፍታ፣ ብሪጁ ላይ ያሉትን ትንንሽ መቃኛዎች መሀል ላይ አድርጋቸው (ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ በኋላ ታመሰግነኛለህ)። የጀርባውን ክዳን ክፈት፣ ሞላዎቹ የተንጠለጠሉበትን ብረትና እሱን ከእንጨቱ ጋር የያዙትን ሁለት ረጃጅም ቪቶች ታያለህ። ክሮቹን ትንሽ አላላና ሁለቱንም ቪት ወደ ቀኝ ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር አጥብቅ፣ እኩል እኩል፣ ከዛ ቃኝና ብሪጁን በጎን እየው። አሁንም ከኋላው ከተነሳ ድገም፣ ወደ ውስጥ ከሰመጠ አላላ። ወሳኙ ነገር፣ ሁልጊዜ ክሩ በትክክል ተቃኝቶ ካለቀ በኋላ ነው ብሪጁን የምትፈርደው፣ ሳይቃኝ የታየ ብሪጅ ይዋሻል።

እኔ የምወደው ግን በሽብልቅ ነው። ከጀርባ ሞላዎቹ የተሰኩበት ወፍራም ብረት አለ አይደል፣ በሱና ከሱ ኋላ ባለው ግድግዳ መሀል (ከሞላዎቹ በተቃራኒ ማለት ነው) ብሪጁ ልክ ትይዩ ሲሆን የሚገጥም ቁራጭ እንጨት ሸጉጥ። አሁን ክሩ ብሪጁን ሊያነሳው ስለማይችል እንደ ተራ ጊታር ቁጭ ብለህ ትቃኛለህ፣ ከዛ ቪቶቹን በጥቂት በጥቂቱ ታጠብቃለህ፣ እንጨቱ ላልቶ በራሱ ሲወድቅ ሚዛኑ ደረሰ ማለት ነው። ቪቶቹ እስከ መጨረሻ ገብተው አሁንም ካልበቃ ያኔ አንድ ሞላ ጨምር፣ ቦታው እስከ አምስት ይይዛል፣ ብዙ ጊታር ሶስት ብቻ ነው ይዞ የሚመጣው። ምሰሶዎቹን ግን ክሩ ተወጥሮ እያለ እንዳታዞራቸው፣ ብሪጁ የሚያርፍበት ስለታም ጠርዝ ይበላል፣ እሱ ከተበላ ወደ ቅኝቱ አይመለስልህም።

አንድ ነገር ልጨምር ሰርግ ተጫዋች ስለሆንክ። ለባቲም ለአምባሰልም ቅኝት ጊታር ላይ ክር መፍታት አያስፈልግም፣ ፍሬቱ ይበቃል፣ ግን ዘፋኟ ግማሽ ድምፅ አውርድልኝ ካለችህ 10 ቁጥሩ ከ46 ወደ 41 ኪሎ ይወርድና ብሪጁ ይሰምጣል፣ መድረክ ላይ የሚስተካከል ነገር አይደለም። ስለዚህ ከሷ ጋር ቀድመህ ተነጋገርና ለምትጫወቱበት ቅኝት ብቻ አስተካክለው። ደግሞ እንደ ማሲንቆ አንዱን ክር ገፍተህ ስታስለቅስ አብሮ የሚመታው ክፍት ክር ከወረደ ጊታሩ ተበላሽቷል ብለህ አትደንግጥ፣ የተንሳፈፈ ብሪጅ ጠባዩ ነው፣ ያንን ክር አትምታው ወይም ባሩን (ብሪጁን የሚያወዛውዘውን ዘንግ) የማትጠቀም ከሆነ ብሪጁን ከሁለቱም ወገን በእንጨት ቆልፈው፣ ለኛ ዘፈን እንደውም እሱ ይሻላል ባይ ነኝ።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ባቲ 1,500 ገደማ፣ ሙቀቱ ክሩን ያላላዋል። ከመጫወትህ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለህ ጊታሩን ከቦርሳው አውጣው፣ አየሩን ይልመድ፣ ከዛ በትንንሾቹ መቃኛዎች ብቻ ከፍ አድርገው፣ መሀል ላይ ተዋቸው ያልኩህ ለዚህ ነው፣ ቃኝተህ የቆለፍከውን ሎክ እንዳትፈታው።