ጾሜ ለምን ወፈርኩ?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፣ የሁዳዴን 55 ቀን ሥጋም ወተትም ሳልነካ ጾሜ 3 ኪሎ ጨመርኩ፣ ጂም ልግባ ወይስ እራት ልተው?

መልስ፦ እህቴ ቆይ፣ መጀመሪያ ድስቱን እንየው። ሥጋውን ብንተውም ዘይቱን አልተውነውም እኮ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ ነው፣ ሽሮው ላይ ደግሞ ከጠርሙሱ ዝም ብለን ነው የምንገለብጠው፣ ከዛ 9 ሰዓት ላይ ርቦሽ ሁለት እንጀራ፣ ማታ ዳቦ በሻይ፣ ቡናው ላይ ሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር... (እኔም ቦምቦሊኖ አይቼ አላልፍም፣ አልዋሽሽም)። እራት አትተይ፣ ዘይቱን በማንኪያ ለኪ፣ እንጀራውን ቀንሰሽ ምስርና ጎመኑን አብዢ። ጂሙ ይቆይ፣ ከታክሲ ቀደም ብለሽ ወርደሽ ፈጠን እያልሽ በቀን 30 ደቂቃ ብትሄጂ ለጊዜው ይበቃሻል። ስኳር ወይ ግፊት ካለብሽ ግን መጀመሪያ ሐኪምሽን አማክሪ።