ብሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ አትናቁ

ይድረስ በባሕር ዳር ምሕንድስና ለምትማሩ፣ በብረት ሥራም ለተሰማራችሁ ልጆቼ፤

ከበለስ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣውን የ400 ኪሎቮልት መስመር የተሸከሙትን ታወሮች ስታዩ ዓይናችሁ የሚያርፈው አንግሉ ላይ፣ ማለትም በL ቅርጽ የተሠራው ብረት ላይ ነው። እኔ የምለምናችሁ ወደ ብሎኑ እንድትቀርቡ ነው። ታወሩ ምን ያህል እንደሚያዘነብልና የትኛው አንግል ቀድሞ እንደሚጎብጥ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያ ነው።

የ16 ሚሊሜትር ብሎን ብዙ ጊዜ የሚገባው 17.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ውስጥ ነው። ክፍተቱ ባይኖር ላይ የወጣ ሠራተኛ ምንም መግጠም አይችልም፤ ስለዚህ ስህተት አይደለም። ነገር ግን ሁለት ብረት ሲደራረብ ቀዳዳውም ሁለት ነው። ብሎኑ የአንዱን ቀኝ፣ የሌላውን ግራ ሲነካ ብረቶቹ ከመካከለኛ ቦታቸው 1.5 ሚሊሜትር ይንሸራተታሉ። ተጨምቆ የነበረው ሲወጠር ደግሞ ጠቅላላ መንገዱ 3 ሚሊሜትር ይሆናል። አሁን በእግሮቹ መካከል 2 ሜትር ስፋት ያለበት ቦታ ላይ አንድ የእግር መቀጠያ፣ ማለትም የታወሩ እግር ብረቶች ጫፍ ለጫፍ የሚጋጠሙበትን ቦታ፣ አስቡ። በነፋሱ በኩል ያለው እግር 3 ሚሊሜትር ቢነሳ፣ ከዚያ 20 ሜትር ከፍ ብሎ ያለው ጫፍ 30 ሚሊሜትር ወደ ጎን ይሄዳል። ይህ ከአንድ መቀጠያ ብቻ የመጣ ነው። እርግጥ ብዙ ብሎን ባለበት መቀጠያ ቀዳዳዎቹ ልክ ለልክ ስለማይገጥሙ አንዱ ብሎን ቀድሞ ይነክስና መንሸራተቱ ያንሳል። የተለመደው ስሌት ግን የብረቱን መለጠጥ እንጂ ይህን አይቆጥርም። ሙሉ ታወር ተጎትቶ ሲፈተን ጫፉ ከስሌቱ አልፎ ቢሄድ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ቀዳዳው ነው።

«አጥብቀን ብናስረውስ?» ትሉ ይሆናል። ዚንክ የተነከረ ብረት ልሙጥ ነው፤ በሰበቃ ብቻ ይይዛል ብላችሁ አትመኑ። ታወር ላይ ብሎን የሚሰላው የቀዳዳውን ግድግዳ ተደግፎ እንደሚሠራ ተደርጎ ነው። ማጥበቁ የሚያስፈልገው ዳዶው እንዳይላላ ነው። በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ልክ በሚያሳየው)፣ ንድፉ ላይ በተጻፈው ልክ አጥብቁ። ከዚያ ያለፈ ብሎኑን ይዘረጋዋል።

ጥርሱ የት እንዳለቀም ተመልከቱ። 8.8 የጥንካሬ ደረጃ ያለው የ16 ሚሊሜትር ብሎን ጥርስ የሌለው ለስላሳ አካሉ መቆረጫው ላይ፣ ማለትም ሁለቱ ብረቶች በሚገናኙበትና ብሎኑን ሊቆርጡት በሚገፉበት ቦታ ላይ፣ ካረፈ በአውሮፓ ደንብ ስሌት 77 ኪሎኒውተን ያህል ይችላል፤ ጥርሱ ካረፈ ወደ 60 ይወርዳል። ለዚህ ሲባል ረዘም ያለ ብሎን ሲመረጥ ሌላ ጣጣ አለ፤ ጥርሱ ያልቅና ዳዶው ለስላሳው አካል ላይ ይቆማል። ቁልፉ ጠብቋል ይላል፣ አንግሎቹ ግን አልተጣበቁም። መፍትሔው አንድ ሮንዴላ መጨመር ነው። ከዳዶው ውጭም ቢያንስ ሁለት ጥርስ ይታይ።

ስሌቱ መጋጠሚያውን እንደ በር ማጠፊያ እንደልቡ የሚዞር አድርጎ ይወስደዋል። እውነቱ መሃል ላይ ነው። በአንድ ክንፉ ብቻ የታሰረ 50 በ50 በ5 ሚሊሜትር አንግል ውሰዱ፤ ጉልበቱ የሚገባው ከብረቱ መሃል 14 ሚሊሜትር ርቆ ነው። ስለዚህ ተጨመቀ የምትሉት ሰያፍ (እግሮቹን አግድም ዘንበል ብሎ የሚያያይዘው አንግል) በዚያው ቅጽበት እየታጠፈም ነው። ጫፉ ላይ ያለው ብሎን ሁለት ከሆነ መዞሩን በከፊል ይይዝለታል፤ አንድ ከሆነ አይዝለትም።

ክፍተቱ ጠላት ብቻ ግን አይደለም። የፎገራ ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ አራቱ መሠረቶች እኩል ላይንቀሳቀሱ ይችላሉ። አንዱ ጥቂት ሚሊሜትር ሲሰምጥ መንሸራተቱ ወደ ሰያፎቹ ሊሄድ የነበረውን ጉልበት ያረግበዋል። ለጥቂት ሚሊሜትር ነው እንጂ 20 ሚሊሜትር ለሰመጠ መሠረት መድኃኒት አይሆንም።

ስትገጥሙ ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ አስገቡ፤ የምትገጥሙት የታወሩ ክፍል አራቱም ፊት ሳይሞላና ቀጥ ማለቱ ሳይለካ አታጥብቁ። ቀዳዳው እምቢ ካለ ብሎኑን በመዶሻ አትምቱት፤ በጋዝ እሳት ማስፋት ደግሞ ዚንኩን ያቃጥላል፣ እስከ ጠርዙ ያለውንም ብረት ያሳሳል። አንግሉ ተመልሶ ይወረድ፣ ሥራው አንድ ቀን ቢዘገይም።

የተሰረቀች ቀጭን ረዳት አንግል «ምንም አትሸከምም» ሲባል አትስሙ። እሷ መሃሉን ትይዝ የነበረው ረጅም ብረት ያለድጋፍ የሚቆምበት ርዝመት እጥፍ ሲሆን፣ ለቀጭን ብረት ጉብጠትን የመቋቋም አቅሙ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ክረምቱ ሲወጣ ታወር ለማየት ስትሄዱ ሮንዴላው ዙሪያ ጨረቃ መሳይ የተፋቀ ቅስት ፈልጉ። እሱን ካያችሁ መጋጠሚያው እየተንቀሳቀሰ ነው። ያን ብሎን ብቻ አጥብቃችሁ አትውረዱ፤ በአንግሉ ሌላ ጫፍ ያሉትንም ፈትሹ። የተዘረጋ ብሎን ይቀየራል እንጂ ዳግም አይጠበቅም።