«ግፊት» ስንቱን ይሸከማል?

ጥያቄ፦ ልጄን ሳይንስ የማስጠናው በአማርኛ ነው። ጠረጴዛ በእጅ ስንገፋ፣ ውኃ የበርሜሉን ግድግዳ ሲጫን፣ ጠረጴዛው በላዩ ያለውን መጽሐፍ ደግፎ ሲይዝ፣ ሦስቱንም «ግፊት» እላቸዋለሁ። ነርስ የሆነችው ባለቤቴ ግን ይህ አይሆንም ትላለች። ማንኛችን ነን ልክ?

መልስ፦ ባለቤትዎ። በሰዋስው በኩል እርስዎም አልተሳሳቱም፤ «ገፋ» ካለ «ግፊት» ይኖራል፤ በሩን የከፈተው የነፋስ ግፊት ነው ቢሉ የሚነቅፍዎ የለም። ችግሩ ቃሉ በሙያ ቋንቋ ባለቤት ማግኘቱ ነው። «የደም ግፊት»ን የማያውቅ ቤት የለም፤ 120 በ80 ሲባልም ልኬቱ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንጂ በኒውተን አይደለም። ኒውተን የኃይል መለኪያ ነው። ግፊት ደግሞ ኃይሉ ላረፈበት ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ በፊዚክስ መለኪያው ፓስካል ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በጠፍጣፋ ጫማ ብትቆም በሹል ተረከዝ፣ ወለሉን የምትጫንበት ኃይል ያው 590 ኒውተን ገደማ ነው። ጣውላውን የሚወጋው ግን ሹሉ ተረከዝ ነው፤ ኃይሉ ሳይጨምር ግፊቱ ጨምሯልና። ኃይሉንም «ግፊት» ካሉት ይህን ለልጅዎ በምን ቃል ያስረዱታል?

ስለዚህ «ግፊት»ን ለውኃው ይተዉለት። ለእጅዎ «የመግፋት ኃይል» ይበሉ። «ግፊያ» የሚሉም አይጠፉም፤ ለጆሮዬ ግን ግፊያ የታክሲ ሰልፍ ነው፤ ብዙ ተጋፊ ይፈልጋል።

ለሦስተኛው «የድጋፍ ኃይል»ን እመርጣለሁ፤ ሥራው መደገፍ ነውና። ብቻ «ወደ ላይ የሚገፋ» ብለው አይፍቱት። ይህ ኃይል ምንጊዜም ለጠረጴዛው ገጽ ቀጤ ነክ ነው፣ ማለትም ከገጹ ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል፤ ጠረጴዛው ሲያዘነብል እሱም አብሮ ያዘነብላል፤ መጠኑም ከመጽሐፉ ክብደት ያንሳል። መጽሐፉ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ያኔ ሰበቃ ነው። «ሰበቃ» በነገራችን ላይ ከምወዳቸው የሳይንስ ቃሎቻችን አንዱ ነው፤ እንጨት በእንጨት ሰብቆ እሳት ከማውጣት የመጣ ስለሆነ ሙቀቱንም ይዞ መጥቷል።

ገመድ መጎተት ላይ ሲደርሱ ደግሞ «ስበት» እንዳይሉ። ቃሉ ከ«ሳበ» ቢወጣም ተማሪ ሲሰማው የሚያስበው የመሬትን ወይም የማግኔትን ስበት ነው። በገመዱ ውስጥ ያለው ኃይል «ውጥረት» ይባላል። ልጅዎ ቃሉን ከዜና የድንበር ውጥረት ጋር አያይዞ ቢስቅ ይሳቅ፤ ከፖለቲካው በፊት ከበሮና ድንኳን ይወጠሩ ነበር። «የገመዱ ውጥረት 50 ኒውተን ነው» ብለው ያለ ስጋት ይጻፉለት።