ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞኔ በዝቶ ከሆነ መነሻውን ለማወቅ ሲቲ ልነሳ ወይስ ኤምአርአይ?

ሁለቱንም አይደለም፣ ገና ነው። ኮርቲሶልሽ መብዛቱ ከተረጋገጠ መጀመሪያ ኤሲቲኤች የሚባለውን የደም ምርመራ አሠሪ፤ ኤሲቲኤች ኮርቲሶል እንዲመረት የሚያዘው ሆርሞን ነው። ናሙናው ቶሎ ይበላሻል፣ ስለዚህ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ በበረዶ መሄዱን ሳታረጋግጪ አትስጪ።

ውጤቱ ከ10 ፒኮግራም በሚሊሊትር በታች ከሆነ መነሻው ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል እጢ ነው፣ ያኔ የሆድ ሲቲ ትነሻለሽ። ከ20 በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ እጢ ነው፣ አልፎ አልፎም ሳንባ ላይ ያለ እብጠት፤ ኤምአርአዩ ያኔ ይመጣል። መሃል ላይ ከዋለ ሌላ ምርመራ ይጨመራል። ምስሉን ካስቀደምሽ ምንም ሆርሞን የማያመነጭ እብጠት ታይቶ ሊያሳስትሽ ይችላል።

አንድ ነገር ልለምንሽ፦ እንደ ኮርቲሶል የሚሠሩትን ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን፣ ወይም እንዲህ ዓይነት መድኃኒት ሊኖርበት የሚችል ፊት የሚያቀላ ቅባት ትጠቀሚ ከነበረ አሁኑኑ ለሐኪምሽ ንገሪ። ቅባትን መድኃኒት ብሎ የማይቆጥር ብዙ ሰው አውቃለሁ። ግን በራስሽ በአንዴ እንዳታቆሚው፣ ሰውነትሽ የራሱን ኮርቲሶል ማምረት አቁሞ ከሆነ ለሕይወትሽ ያሰጋል።