«አልተማርኩም፤ ኮሚቴ ውስጥ ምን እሠራለሁ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ3 ልጆች እናት ነኝ። በልጆቼ ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ሳላስበው ተጠቁሜ የወላጅ መምህር ህብረት አባል ሆኜ ተመረጥኩ። የተማርኩት እስከ 5ኛ ክፍል ነው። ሪፖርት ሲነበብ ግማሹ ያመልጠኛል። የማዋጣው ገንዘብም የለኝም። ቦታውን ለተማረ ሰው ልልቀቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክዎ አይልቀቁ።

ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። በህብረቱም የመምህራን ተወካይ ነበርኩ። አንድ ቀን ስብሰባው ሊያልቅ ሲል፣ ዓመቱን ሙሉ ቃል ሳትተነፍስ የከረመች እናት እጇን አወጣች። «ልጄ ጠዋት ውሃ አልጠጣም ትለኛለች። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር መቀርቀሪያ የለውም አሉ» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። እኛ መምህራን በዚያ በር በኩል በየቀኑ እናልፋለን። ሴት ተማሪዎች ለምን እንደሚቀሩም ረጅም ሪፖርት ጽፈን ነበር። ስለ መቀርቀሪያው ግን አንድም መስመር አልነበረበትም። በዚያው ሳምንት ተገጠመ። ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ልጆቹ ስንት ወር እንዲህ ተቸግረው ይሆን?

የእርስዎም ዕውቀት ይኸው ነው። ልጅዎ የቤት ሥራው የቱ ጋ ሲደርስ እንደሚያለቅስ፣ በየትኛው ቀን «ሆዴን አመመኝ» እንደሚል፣ ከማን ጋር መሄድ እንደሚፈራ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። አሜሪካ ውስጥ ትልቁ የወላጅና መምህር ማህበር እ.ኤ.አ. በ1897 ሲቋቋም ስሙ የእናቶች ጉባኤ ነበር። «ወላጅና መምህር» የሚለው ስሙ ላይ የተጨመረው በ1908 ነው። እናቶቹ ቀድመው ነበር የገቡት።

ሪፖርቱን በተመለከተ፣ ከስብሰባው ጥቂት ቀን ቀድመው ጸሐፊውን አጀንዳው ምን እንደሆነ ይጠይቁ። ስብሰባው ላይ ካልገባዎት «ይህቺን እንደገና አስረዱኝ» ይበሉ። አጠገብዎ ለተቀመጠውም ሰው ብዙ ጊዜ አይገባውም፤ ለመጠየቅ ግን ያፍራል።

በአንድ ነገር ግን ጠንከር ይበሉ። ቃለ ጉባኤው ተነቦልዎ ሳይገባዎት አይፈርሙ። ቢያጣድፉዎትም አይፈርሙ። መዋጮ ተሰብስቦ ከሆነ ደግሞ ስንት ገባ፣ በምን ወጣ፣ ደረሰኙ የታለ ብለው ይጠይቁ። ይህ ሰውን መጠርጠር አይደለም። እኔ 2 ዓመት ገንዘብ ያዥ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ሰው ሲጠይቀኝ ነበር ልቤ የሚያርፈው።

የራስዎን ልጅ ውጤት ወይም ከአንድ መምህር ጋር ያለዎትን ቅሬታ ግን ስብሰባ ላይ አያንሱት። እሱን ለብቻ ከክፍል ኃላፊው ጋር ይነጋገሩበት። ህብረቱ ዘንድ የሚመጣው ብዙ ልጆችን የሚነካው ጉዳይ ነው።

ገንዘብ ባለመኖሩም አይሸማቀቁ። ጆይስ ኤፕስታይን የተባሉ ተመራማሪ የወላጅን ተሳትፎ በ6 ይከፍሉታል። ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ መወሰን ከ6ቱ አንዱ ብቻ ነው። ልጅን ቤት ውስጥ ማስጠናት፣ ከመምህሩ ጋር መነጋገር፣ በጉልበት ማገዝ፣ ሁሉም ተቆጥረዋል።

ከሁሉም በላይ አንድ ሥራ ይያዙና ዳር ያድርሱት። እኔ ለእርስዎ የምመርጠው ስብሰባ የማይመጡትን ወላጆች ማነጋገር ነው። የሥራ ሰዓት ያልተመቻቸው አሉ፤ እንደ እርስዎ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብለው የቀሩም አሉ። ለርዕሰ መምህሩ የማይነግሩትን ለእርስዎ በር ላይ ቆመው ይነግሩዎታል። 3 ወላጆች ተመሳሳይ ነገር ካነሱ አጀንዳ አገኙ ማለት ነው፤ ለጸሐፊው ያስይዙት።

በሚቀጥለው ስብሰባ ከኋላ አይቀመጡ። ከጸሐፊው አጠገብ ወንበር ይያዙ። የተናገሩት መጻፉን እዚያው ሆነው ያያሉ።