«ተመስገን በይ» ሲለኝ ለምን ይደብረኛል?

ጠያቂያችን ከአዲስ አበባ ናት። «ከተጋባን 7 ዓመታችን ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። ቤት ለመግዛት ብለን ከበድ ያለ ዕቁብ ገብተናል። ዕቁቡ ከተከፈለ በኋላ እጃችን ላይ የምትቀረው ትንሽ ናት። አንድ ነገር ጎደለ ካልኩ ባሌ ‹ተመስገን በይ፣ ስንቱ የሚበላው አጥቶ› ይለኛል። ባለፈው እህቴ ሶፋ ቀይራ ከቤቷ ስመለስ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ምስጋና ቢስ ሆኜ ይሆን?» ትላለች።

አይደለሽም እህቴ። «ተመስገን» ከራስ አፍ ሲወጣ ደስ ይላል። ሌላ ሰው «በይ» ሲልሽ ግን ትርጉሙ «ዝም በይ» ነው። (እኔም አንዴ ለባለቤቴ ብያት አውቃለሁ። የዚያን ቀን ምሳ አልነበረም።)

ሶፋው ይለመዳል። እህትሽ ዛሬ ልጆቿን «እንዳትወጡበት!» ብትልም ትንሽ ቆይቶ የታጠበ ልብስ መከመሪያ ይሆናል። ፊሊፕ ብሪክማንና ዶናልድ ካምቤል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1971 እ.ኤ.አ. ይህን ነገር ከትሬድሚል (ባሉበት ቆመው ከሚሮጡበት ማሽን) ጋር አመሳስለውታል፤ ትሮጫለሽ፣ ያለሽው ግን እዚያው ነው። ለነገሩ ያስለቀሰሽ ሶፋው አይመስለኝም። ሽንኩርት ከአንዱ ጉልት ወደ ሌላው ዞረሽ የምትገዢው፣ የትልቁን ዩኒፎርም ለትንሹ አሳጥረሽ የምትሰፊው፣ እህትሽ ቡና ስትጠራሽ የትራንስፖርቱን አስበሽ የምትቀሪው አንቺ ነሽ፤ ይህን ሁሉ አይቶ «እግዜር ይስጥሽ» ያለሽ ሰው ግን የለም። ቁጠባው በአንቺ እጅ እየተሠራ ምስጋናውም ከአንቺ ይጠበቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ እርስ በርስ ተመሰጋገኑ። ዕቁብ በምትጥሉበት ቀን ማታ ልጆቹ ሲተኙ፣ አንዳችሁ ሌላው በሳምንቱ ያደረገውን አንድ ነገር ስሙን ጠርታችሁ አመስግኑ። «ለሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» አይሠራም። «ማክሰኞ ዝናብ እየዘነበ ራይድ ትተህ በእግርህ መጣህ» ይሠራል። በየቀኑም አይሁን፣ ጸሎት እንደማነብነብ ይሆንባችኋል።

ይህ ለገንዘቡም ይጠቅማል። በ2014 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴቪድ ዴስቴኖና ባልደረቦቹ ባደረጉት ሙከራ፣ አመስጋኝነት እንዲሰማቸው ያደረገን ነገር ያስታወሱ ሰዎች አሁን የሚሰጣቸውን ትንሽ ገንዘብ ትተው ቆይቶ የሚመጣውን ትልቁን ለመጠበቅ የተሻለ ትዕግሥት አሳይተዋል። የሚያስደስት ነገር ብቻ ያስታወሱት ግን ያን ያህል አልታገሡም።

ደግሞ ትንሽም ብትሆን ለየራሳችሁ «ምን አደረግሽባት?» የማትባል የኪስ ገንዘብ ለዩ። ፀጉርሽን ተሠሪባት፣ ማኪያቶ ጠጪባት፣ የራስሽ ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅሽ አላልፍም። እሱስ እየቆጠበ ነው? ከሥራ መልስ ቢራው ሳይቀርበት ለአንቺ ብቻ ተመስገን የሚያዝልሽ ከሆነ ከላይ ያልኩትን እርሺው። መልሰሽ ጻፊልኝ፣ ያኔ ሌላ ወሬ ነው የምናወራው።